አንገቷን የደፋችው ስኳር

ሀዋሳ፣ ምሥራቅ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለክብሩ፣

እንደምን ሰነበትክ? ቢሾፍቱ ሙቀቱ በረታ ወይስ እንደኛው ዝናቡ ጀመረ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ለመዋሸት ከሆነ ስልክ ይበቃ ነበር፣ ወረቀት ማበላሸት አያስፈልግም።

ሾፌሩ አብዱልፈታህ «ክብሩ ስልክ ለምን አያነሱም ይላል» አለኝ። ስልኬ ያለው ልጄ ራሔል ዘንድ ነው። የእሷ በወለደች ዕለት ሆስፒታል ደረጃ ላይ ወድቆ ስለተሰበረ የኔን ላክሁላት። አሁን «እንኳን ጌታ ረዳሽ» የሚለው ሁሉ በዚያ ይደውላል፤ እሷም በአንድ እጇ ልጅ ታቅፋ ድምፁን ለቅቃ ታወራለች። አንተ ብትደውል ቤት ሙሉ እንግዳ ይሰማሃል። ስለዚህ አብዱልፈታህ ሚኒባሱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ እግረ መንገዱን ይህን እንዲሰጥህ ለመንኩት። አንተም በእሱ መልስልኝ፤ በአጥር በኩል ያቀብለኛል።

ሕፃኗ ማንን ትመስላለች ብለህ በአብዱልፈታህ ላስጠየቅኸኝ፣ አላውቅም። አላየኋትም። አትደንግጥ፣ እሷም እናቷም ደህና ናቸው። የራቅኋቸው እኔ ነኝ። ከሆስፒታል ሊመጡ ሲሉ ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ጉንፋን አይደለም።

ዶሮዎቼ እያለቁ ነው ልጄ። መጀመሪያ ጥቂቶቹ መብላት ተዉ። ከዚያ አንገታቸው እየተጠማዘዘ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመሩ፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ሆነ፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ጠዋት ዶሮ ቤቱን ስከፍት በየጥጉ ወድቀው አገኛቸዋለሁ። ከመቶ በላይ የነበሩት አሁን ግማሽ አይሆኑም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ የኔዎቹ ግን ማንንም አልሰሙም።

ፈንግል ነው እንዳትለኝ። ፈንግል ቢሆን የዶሮ ሞት ነው ብዬ፣ አልቅሼ እተወው ነበር። ክትባቱን በወቅቱ በገዛ እጄ ሰጥቻለሁ። ስለዚህ ሌላ ነገር ነው። የሐይቁ ወፎች ጠዋት ማታ በጣራችን ላይ ያልፋሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ወፍ ጉንፋን ከፌስቡክ ያነበበውን ያወራል። ደግሞ የግራ ዓይኔ ቀልቷል። ያቃጥለኛል፣ ያነባል፣ ሰውነቴንም ሞቅ ሞቅ ይለኛል። ከዶሮዎቹ ወደ እኔ ተሻግሮ ከሆነ ከእኔ ወደ ጨቅላዋ ሊሻገር ነው። የምፈራው እሱን ነው እንጂ ለራሴስ እድሜዬን ጠግቤያለሁ።

የክፍለ ከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘሪሁን መጥቶ ናሙና ወስዷል። የሚልከው አንተ ወደምትሠራበት ቤተ ሙከራ እንደሆነ ነግሮኛል። ለራሔል አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፤ አራስ ስትደነግጥ ወተቷ ይነጥፋል።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የዶሮ በሽታ ሰውን ከዶሮ ለይቶ ያውቃል?

ያሳደገችህ አክስትህ
ብዙነሽ

ያቺ ሶልያና የምትባለው የሥራ ባልደረባህ ደህና ናት? ለፋሲካ የመጣህ ጊዜ ስሟን ደጋግመህ ታነሳ ነበር።


ቢሾፍቱ
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ብዙነሽ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይቅርታ። ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኝ ዛሬ የምመልሰው ችላ ብዬ አይደለም፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

ይህን እንዳነበቡ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ስለ ዶሮዎቹ ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ዶሮ ቤት ሲገቡ ጓንትና ማስክ ያድርጉ። የሞቱትን ኖራ አድርገው በጥልቅ ይቅበሩ፤ የተረፉትን እንዳይሸጡ፣ እንዳያርዱ፣ ለማንም እንዳይሰጡ። ከሕፃኗ መራቅዎ ትክክል ነው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ትክክል ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። አዎ፣ ለይቶ ያውቃል። የሚያውቀው ግን በማየት ሳይሆን በመዳሰስ ነው።

የሰውነታችን ህዋሳት ገጽ ራቁቱን አይደለም። እንደ ነጠላ ዘርፍ ዙሪያውን የተንጠለጠሉ የስኳር ሰንሰለቶች አሉት። ቫይረስ ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው፤ ገላው ላይ ያሉት ጥቃቅን መያዣዎች ናቸው። በእነሱ የዘርፉን ጫፍ እየዳሰሰ ይሄዳል። የሚመጥነውን ሲያገኝ ይይዛል፣ ካልመጠነው ይንሸራተታል። በዚህ መሐል «ስኳሬ ከፍ ስላለ ነው የወደደኝ» እንዳይሉኝ። ሐኪም በሻይ የከለከለዎ ስኳር ሌላ ነው፣ ይህ ሌላ። ይህኛው ጾም ቢውሉም ከህዋስዎ ላይ አይጠፋም።

ዘርፉ ጫፍ ላይ የምትቀመጠው ስኳር ሳይሊክ አሲድ ትባላለች። ዶሮና ወፍ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው። በእኛ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ግን አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ያችው አንዲት ስኳር ናት፤ ከሥሯ ካለችው ጋር የተያያዘችበት ቦታ ስለሚለይ ብቻ አቋቋሟ ይለያል። የወፍ ጉንፋን መያዣ የለመደው ቀጥ ያለችውን ነው። አንገቷን የደፋችውን ሲነካት እምብዛም አይጨብጣትም። ከዶሮ ወደ ዶሮ እንደሚበረው ወደ ሰው እንዳይበር ከሚያግዱት ነገሮች አንዷ እሷ ናት።

እርስዎ እንዳሉት ለመዋሸት ከሆነ ወረቀት አያስፈልግም። በቀላሉ አይሻገርም ማለት ጨርሶ አይሻገርም ማለት አይደለም። ቀጥ ያለችው ስኳር በእኛም ውስጥ አልፎ አልፎ አለች፣ ሳንባ ውስጥ በጥልቁ፣ ዓይን ላይም ጭምር። ስለ ዓይን የማስበው ሌላ ነገርም አለ። እሱን አሁን አልጽፈውም፤ ቆይቼ እጽፈዋለሁ።

ናሙናው ደርሶናል። የቤተሰብ ስለሆነ እኔ እንድነካው አልተፈቀደም፤ የያዘችው ሶልያና ናት። እሷም ደህና ናት።

ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጥቂት ጥያቄዎች ጽፌያለሁ። እባክዎ አንዱንም ሳይዘሉ ይመልሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ክብሩ


ሀዋሳ፣ ምሥራቅ
ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለክብሩ፣

ያቺን አንገቷን የደፋች ስኳር እግዜር ይስጣት። ደብዳቤህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አስተማሪ ሆነህ ቢሆን ኖሮ እኔን ታስንቀኝ ነበር። አንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ግን ዘለግ አድርገህ ዝም ያልክበት ቦታ አለ፤ ስለ ዓይን። አይቼዋለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ስለ ዶሮዎቹ ስነግራት ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። አልፈረድኩባትም። ዓይኔን አየች፣ ሳንባዬን አዳመጠች፣ ንጹሕ ነው አለች፣ የዓይን ጠብታ ሰጠችኝ። ትንፋሽ ካጠረዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ አለችኝ። እስካሁን አላጠረኝም።

አዲስ ዶሮ ገብቷል ወይ ላልከው፣ ገብቷል። የራሔል አማት፣ የኩማ እናት፣ ለአራሷ ብላ ከኮፈሌ አንዲት ቀይ ቄብ ይዛ መጥታ ነበር። ራሔል ገና ከሆስፒታል ስላልወጣች እስክትመጣ ብዬ ከኔዎቹ ጋር ቀላቀልኳት። ቀድማ የሞተችው እሷ ናት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሴትዮዋ በፍቅር ነው ያመጣችው፤ አንተም እዚያው ቅበረው።

ክትባቱን እንዴት ሰጡ ብለህ የጠየቅኸው ግን እኔን ረስተህ ነው። እድሜዋን ሙሉ ሆም ኢኮኖሚክስ ያስተማረች ሴት እንዴት ትሰጣለች? ብልቃጡን ከበረዶ ጋር ይዤ መጣሁ። መጠጫዎቹን በሙሉ በበረኪና ዘፈዘፍኩ፣ በበረኪና ፈተግሁ፣ ደግሞ አላለቀለቅኋቸውም፤ ጥቂት ቢቀርበት ለጀርም ጥሩ ነው ብዬ። ክትባቱን የበጠበጥኩበት የቧንቧ ውሃ ነው። እሱም ላይ ለጥንቃቄ ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጌበታለሁ። ከዚያ ዶሮዎቹን አስጠምቼ አቀረብኩላቸው። ያልጠጣች አንድም ዶሮ የለችም። በዚህ መንደር እንደኔ በንጽሕና ያስከተበ ካለ አሳየኝ። አንተ ራስህ ታውቀኛለህ፤ የትምህርት ቤት ሹራብህ ስንቴ ነጭ ነጭ ጣለ?

አሁን ወደ ልቤ ልምጣ። በቤታችን ልጅ ከሆስፒታል ስትገባ መጀመሪያ የምታጥባት የእናቷ እናት ናት፤ ስሟንም እያጠበቻት የምታወጣላት እሷው ናት። ለራሔል እናቴ እንዲህ አደረገችላት። እኔ ስሙን አዘጋጅቼ፣ ለእኔ ብቻ ይዤው ቁጭ ብያለሁ። የኩማ እናት ጨዋ ናት፣ ሕፃኗን እያጠበች «ስሙ የብዙነሽ ነው» ብላ አፏን ይዛለች። ልጅቷ እስካሁን «ሚጣዬ» እየተባለች ትውላለች።

ዛሬ ኩማ በመስኮት ምሳ ሲያቀብለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እትዬ፣ ራሔል እያለቀሰች ነው» አለኝ። ምን ብላ እንደምታለቅስም ነገረኝ። እርግዝናዋን ሙሉ «ሆድሽ ሾጠጥ ብሏል፣ ወንድ ነው» እያልኩ ስቀልድባት ነበር። አሁን ሴት በመሆኗ ፊቴን ያዞርኩባት መስሏታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው።

ቶሎ በሉ። ሶልያናን ቶሎ በይ በላት።

ብዙነሽ


ቢሾፍቱ
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ፣

አብዱልፈታህ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ አጭር ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ ክትባቱ የጻፉትን ገጽ ለሶልያና አነበብኩላት። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ። ከሳቅን በኋላ ደግሞ እኔ ለብቻዬ ወጥቼ ጥቂት ቆየሁ። ለምን እንደሳቅን ምርመራው ሳያልቅ ልነግርዎ አልችልም። ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ፤ ስንጥሩን ያገኘሁት ይመስለኛል። ግን «ይመስለኛል» ጨቅላ አያሳቅፍም።

ስለ ራሔል ያሉትን ደግሜ አነበብኩት። ቢፈቅዱልኝ እኔ እነግራት ነበር። አልፈቀዱልኝም፣ ስለዚህ ዝም እላለሁ። እርስዎም እባክዎ እኔ እስክጽፍ ድረስ እንዳይገቡ። የትንፋሽ ነገር እንዳለ ደግሞ ሳይደብቁ ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ክብሩ


ሀዋሳ፣ ምሥራቅ
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብሩ፣

ሳቅን? እኔ እዚህ እንደ ሌባ በር ዘግቼ ተቀምጬ እናንተ እዚያ ትስቃላችሁ? የሚያስቀው ምኑ ነው? ንጽሕናዬ? እንዲህ ያለ ጊዜ የሚስቅ ልጅ ማሳደጌን አላውቅም ነበር። ደግሞ «ለብቻዬ ወጥቼ ቆየሁ» ያልከውን ባልጻፍከው ይሻል ነበር። የሳቅከው ወይስ የወጣኸው፣ የትኛው ነው ለእኔ የሚሆነው ብዬ ስፈታ ዋልኩ።

ትንፋሼ ደህና ነው። ትኩሳቱም ለቅቆኛል። ዓይኔ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይጣበቃል እንጂ ቅላቱ እየሸሸ ነው። ዶሮዎቹ ግን አለቁ በለው፤ የተረፉት ጥቂት ናቸው፣ እነሱም አንገታቸው ተጣሞ ነው የሚለቅሙት።

ልነግርህ የፈለግሁት ይህን አይደለም። ትናንት ራሔል በሬ ድረስ መጣች። አራስ ናት፣ ከአልጋ መውረድ አልነበረባትም።

«እማዬ፣ ክፈቺ» አለችኝ።

«ጉንፋኑ አልለቀቀኝም።»

«ይሄ ሁሉ ጊዜ ጉንፋን? ድምፅሽ እኮ ደህና ነው።»

ለይምሰል አሳልኩ።

«ሴት ስለሆነች ነው አይደል? ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም። ብቻ ንገሪኝና ይውጣልኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው አንቺ ልጅ! ሂጂ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል።»

ሕፃኗ እጇ ላይ ነበረች። ትን ሲላት፣ ስታቃስት፣ ከንፈሯን ስትመጠምጥ ሁሉ ይሰማኛል። መሐላችን አንዲት የላሜራ በር ናት። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር ክብሩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ግማሽ ድረስ ስቤው ነበር። ከዚያ ዓይኔን ጠረግሁና ጣቴን አየሁት። እርጥብ ነው። እንባዬ ይሁን በሽታው አላወቅሁም። መቀርቀሪያውን መለስኩት።

ቆማ ቆማ ሄደች። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ እስኪጠፋ ሰማሁት። እናቴ የሞተች ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም።

ይህን ሁሉ የምችለው አንተ አትግቢ ስላልከኝ ነው። እንግዲህ ያልከኝን አውቀህ በል።

ብዙነሽ


ቢሾፍቱ
ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደህና ነው እትዬ። ፈንግል ነው። የወፍ ጉንፋን አይደለም።

ሰላምታውን ትቼ ይህን ያስቀደምኩት ዓይንዎ መጀመሪያ እዚህ ላይ እንዲያርፍ ነው። አሁን ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ? ወረቀቱ እስኪደርስ እንዳይጨነቁ ለአብዱልፈታህ ደውዬ «ፈንግል ነው፣ ደህና ነው በላቸው» ብዬዋለሁ። ቀስ ብሎ በጆሮዎ እንዲነግርዎ አደራ ብዬዋለሁ።

እንዴት እንዳወቅን ልጻፍልዎ፣ በሰው ወሬ አያምኑምና። ሶልያና ከጤነኛ ዶሮ የተቀዳ ደም አጥባ በፕላስቲክ ሳህን ላይ ባሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ጨመረች። ደም ዝም ብለው ቢተዉት ወደ ታች ይሰክንና ከግርጌ ቀይ ነጥብ ይሆናል። ቫይረስ ካለበት ግን አይሰክንም። የደም ህዋሳትም ያንን የስኳር ዘርፍ ለብሰዋልና ቫይረሱ አንዱን ከአንዱ እያያያዘ መረብ ያደርጋቸዋል። የእርስዎ ዶሮዎች ናሙና ሲገባ ደሙ ሳይሰክን ቀረ። እስከዚህ ድረስ ፈንግልም የወፍ ጉንፋንም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ስኳሯን ይይዛሉ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ቀጥሎ ከተከተበ ዶሮ የተወሰደ፣ የፈንግልን መያዣ ብቻ የሚሸፍን ፈሳሽ ጨመረችበትና ጠበቀች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ መግባት አይፈቀድልኝም። ጥቂት ቆይታ «ክብሩ፣ ወርዷል» አለች። ደሙ በየጉድጓዱ ግርጌ ተሰብስቦ ቀይ ነጥብ ሆኗል። መያዣው የተሸፈነው ቫይረስ ምንም መያዝ አልቻለም ማለት ነው። ለወፍ ጉንፋን የተደረገው ሌላው ምርመራም ባዶ ሆነ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ እትዬ፤ ሶልያና መሐረቧን ሰጠችኝ። ይህንንም ይጠይቁኛል ብዬ ነው አስቀድሜ የጻፍኩት።

ስለ ዓይን ያልጻፍኩት ይህ ነበር። ፈንግል አንዳንዴ የዶሮ አርቢን ዓይን ያቀላል፤ ቀለል ያለ ትኩሳትም ያመጣል። ሰዎቹ የታመመ ዶሮ የነካኩበትን እጅ ወደ ዓይናቸው ስለሚወስዱ ነው። ብዙ ሳይቆይ በራሱ ይለቃል፤ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድም አልታየም። ፈንግል የእኛንም ስኳር መያዝ አያቅተውም። ነገር ግን በር መጨበጥና ቤት ገብቶ መኖር አንድ አይደለም። የሰው ሰውነት ቶሎ ነቅቶ ያጠፋዋል። ይህን ገና ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ተስፋ ሰጥቼዎ መልሼ መንጠቁን ፈራሁ።

አሁን ስለ ሳቃችን። እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡት። የሰጡት ክትባት ራሱ ሕያው ቫይረስ ነው፣ እንዳይጎዳ ሆኖ የደከመ። ዶሮዋ ስትጠጣው ጉሮሮዋ ላይ ያቺን ስኳር መያዝ፣ መግባት፣ ጥቂት መራባት አለበት። ሰውነቷ የሚማረው ያኔ ነው። እርስዎ ግን መጠጫው ላይም ውሃው ላይም በረኪና አድርገው፣ ክትባቱን ዶሮዎቹ አፍ ሳይደርስ ገደሉት። የጠጡት ንጹሕ ውሃ ነበር፤ በጣም ንጹሕ። የሳቅሁት ያንን ገጽ ሳነብ ፈንግል ሊሆን እንደሚችል ስለገባኝ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ በረኪና ያስደሰተኝ ቀን የለም። ወጥቼ የቆየሁት ደግሞ ላይሆን ይችላል ብዬ ነው።

ሌላ ጊዜ መጠጫውን በውሃ ብቻ ያለቅልቁት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን እንዲሰብረው ትንሽ ስብ የሌለው የዱቄት ወተት ይጨምሩበት። ቀሪውን ዘሪሁን ያሳይዎታል።

ዓይንዎ ሙሉ በሙሉ ከጠራና ሐኪሟ አይታ ከፈቀደች፣ ዶሮ ቤት የገቡበትን ልብስ ቀይረው፣ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ይግቡ። በሳሙና እትዬ።

አንድ የደበቅሁት ነገር ነበር። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ፣ እርስዎ ዘንድ ለመምጣት ሻንጣዬ ተሰናድቶ በር ሥር ነበር። ዛሬ ፈታሁት።

አክባሪ ልጅዎ
ክብሩ


ሀዋሳ፣ ምሥራቅ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለክብሩ፣

ቀስ ብሎ በጆሮዬ እንዲነግረኝ ነበር ያልከው? አብዱልፈታህ ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ፣ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ ከአጥር ማዶ «እትዬ ብዙነሽ! ፈንግል ነው! እንኳን ደስ ያለዎት!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በጠያቂ ሙሉ ነበር። ፈንግል ገብቶ ዶሮ የጨረሰባት ሴት እንኳን ደስ ያለሽ ስትባልና በደስታ ስትንበረከክ የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሰው ዘንድሮ ነው ያየው። አብዳለች ብለው ለፓስተሩ ሊደውሉ ነበር።

ስለ በረኪናው የጻፍከውን ተቀምጬ አነበብኩ፣ ቆሜም አነበብኩ። ተናድጄ ወረቀቱን ወረወርኩት፤ ከዚያ አንስቼ ደግሜ አነበብኩት። ያን ያህል ዶሮ በገዛ ንጽሕናዬ ጨረስኩ ማለት ነው። ለዶሮዎቼ አዝኛለሁ፣ አልደብቅህም። ግን ያ በረኪና ክትባቱን ባይገድለው ዶሮዎቹን የጨረሰው ያ የፈራሁት በሽታ ነው ማለት ነበር ብዬ ሳስብ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ጌታ በማን ሞኝነት እንደሚሠራ አይታወቅም።

ዓይኔ እስኪጠራ ታገስኩ። ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ መብራት አብርታ አየችኝና «ጠርቷል እማማ፣ ይግቡ» አለችኝ፤ በዚህ ጊዜስ ወንበሯን ወደ ፊት አስጠጋች። ገላዬን ታጠብኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ፣ እጄን በሳሙና ፈተግሁ። ደብዳቤዎችህን በሙሉ ይዤ የራሔልን በር አንኳኳሁ። በገዛ ቤቴ።

አልጋው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ዞር ሳትል «ዳንሽ?» አለችኝ።

«ዳንኩ።»

«ጎሽ።»

የኩማ እናት አጥሚቱን ይዛ ደንግጣ ቆመች። ደብዳቤዎችህን አልጋዋ ላይ አኖርኩና ጥግ ላይ ቆምኩ።

መጀመሪያ የናቀቻቸው መሰለች። ኋላ አንዱን በአንድ እጇ አነሳች። የዓይኔን ወሬ ስታነብ ፊቷ ተለወጠ፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ ደግሞ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። ስኳሯ ጋ ስትደርስ ማልቀስ ጀመረች። አንገቷን የደፋች ስኳር ምኗ ያስለቅሳል ብዬ ልጠይቃት ብዬ ተውኩት። በረኪናው ጋ ስትደርስ ግን አፏን በእጇ ያዘች። «እማዬ... በበረኪና?» አለችና ሳቋን ለቀቀችው። የተሰፋችበት እያመማት ትስቃለች፣ እያመማት ታለቅሳለች። «ኧረ አታስቂኝ!» ትለኛለች፤ እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። የኩማ እናት ነገሩ ባይገባትም አብራን ሳቀች። ስለ ቀይዋ ቄብ የጻፍኩልህ አንተ ዘንድ ስለሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እዚያው ይቅር።

ከዚያ ራሔል ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና እንደ ወትሮዋ ተቆጣችኝ። «ምን ትቆሚያለሽ? ያዢልኝ እንጂ፣ ክንዴ ዝሏል» አለችኝ።

ተቀበልኳት። ትንሽዬ ጣቷ አመልካች ጣቴን ስትነካ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው፣ አለቅም አለች። ዓይኗ ገና በደንብ አያይ፣ ማን እንደሆንኩ አታውቅ፤ ዳስሳ ነው የያዘችኝ። የጻፍክልኝ ትዝ አለኝ። የሚመጥነውን ሲያገኝ ይይዛል ብለህ ነበር።

ውሃ አሞቅን። ጀርባዋ ላይ እያፈሰስኩ «ታቢታ» አልኳት። በመጽሐፉ «ታቢታ፣ ተነሺ» የተባለችዋ። ራሔል ስሙን በከንፈሯ ሞከረችው፣ ደገመችው፣ «ወንድ ቢሆን ምን ልትዪው ነበር?» አለችኝ። ለወንድ ያዘጋጀሁት ስም አልነበረኝም። መጀመሪያውኑ አልነበረኝም ክብሩ፤ ሾጠጥ ብሏል የምላት ለማናደድ ብቻ ነበር። እንዲህ ስላት ትራሷን ወረወረችብኝ።

ኩማ በረኪናውን ከቤት አውጥቶ እኔ የማላገኘው ቦታ ደብቆታል። ይደብቀው፣ ለጊዜው። የተረፉት ዶሮዎች እያገገሙ ነው። ዘሪሁን የሚቀጥለውን ክትባት ራሱ ሊሰጥልኝ ቃል ገብቷል፤ ወተቱን እኔ እገዛለሁ። ሶልያናን ይዘሃት ና። መሐረቧን አጥበህ መልስላት፣ ግን በምን እንደምታጥብ አውቀሃል።

ገና መጀመሪያ ላይ ሕፃኗ ማንን ትመስላለች ብለህ አስጠይቀኸኝ ነበር። የኩማ እናት ቁርጥ ኩማን ናት ትላለች፣ ራሔል እኔን ትላለች። ይህን የምጽፍልህ በአንድ እጄ ነው። ከታጠበች ጀምሮ አንገቷን ደፍታ ጉያዬ ውስጥ ተኝታለች፤ ፊቷን ገና በደንብ አላየሁትም።

አያት
ብዙነሽ